ኔትወርክ የለም ብሎ መነሳት፦ ታብሌት ይዞ ለመስክ ሥራ ለሚወጣ ሰው

ድሮ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሰው ቦርሳው ውስጥ የታተመ መጠይቅ፣ እስክሪብቶና ወረቀቱን ከዝናብ የሚጠብቅ ፌስታል አይጠፋም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተሠራው በወረቀት ነው። ለአራተኛው ቆጠራ ግን ታብሌት ተገዛ። ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ቢራዘምም መሣሪያው ከመስክ ሥራ አልቀረም። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን ትመዘግብበታለች፣ የጥናት ጠያቂው ቃለ መጠይቅ ይሞላበታል፣ መሐንዲሱ ግንባታው የደረሰበትን ፎቶ ያነሳበታል።

ወረቀት አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ መብራት አይጠይቅም፣ ኔትወርክ አይጠብቅም። ታብሌት ሁለቱንም ይፈልጋል። የብዙዎቻችን ስህተትም እዚህ ላይ ይጀምራል። መሣሪያውን ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ እንሞክረዋለን፣ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ደስ ብሎን እንነሳለን።

እኔም አንድ ጊዜ እንደዚህ ተነሥቼ ነበር። ቀበሌው ስደርስ መጠይቁ ታብሌቱ ላይ አልወረደም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ስንከራተት ረፈደ። ስመለስ በቀጠሮ የጠራናቸው ገበሬዎች ግማሾቹ ወደ ማሳቸው ሄደዋል። ከቀሩት መካከል አንድ አዛውንት ቁጣ አላሳዩኝም፤ «ልጄ፣ የእርሻ ቀን ነበር» ብቻ አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፤ ኔትወርክ የለም፣ መብራትም የለም ብዬ እነሣለሁ። ከተገኙ ትርፍ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የዚህ ደንብ ዝርዝር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሥራውን ይዘርዝሩ፣ መሣሪያው ይከተላል

ወረቀት ያውጡና መስክ ላይ የሚሠሩትን በግሥ ይጻፉ፤ እጠይቃለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቦታ እመዘግባለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ሰነድ አነባለሁ። ከዚያ ታብሌቱን በዝርዝሩ ይመዝኑት።

ቦታ የሚመዘግቡ ከሆነ ጂፒኤስ እንዳለው ያረጋግጡ። በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ታብሌቶች፣ የአይፓድ የዋይፋይ ሞዴሎችን ጨምሮ፣ ጂፒኤስ የላቸውም። ሲም የሚቀበለው ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ አለው። ለመስክ ሥራ ሲም የሚወስደውን የምመርጠው በዋናነት ለዚህ ነው።

ቆመው ወይም እየተዘዋወሩ የሚጠይቁ ከሆነ በአንድ እጅ የሚያዝ የ8 ኢንች ታብሌት ይበቃል። ቁጭ ብለው ሪፖርት የሚጽፉና ሠንጠረዥ የሚያዩ ከሆነ 10 ኢንች ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ የማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴል ነጻ ማስተካከያ የሚፈቅዱት ስክሪኑ ከ10.1 ኢንች ላልበለጠ መሣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍያ ያስፈልጋል፤ ካልከፈሉ ሰነዱን ማንበብ እንጂ ማረም አይችሉም። ይህን ወረዳ ደርሶ ማወቅ ያናድዳል።

ጠንካራ መሸፈኛና የስክሪን መከላከያ ከመሣሪያው ጋር አብረው ይገዙ። ለረጅም ጽሑፍ ትንሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ ይጨምሩ፤ በጣት ብቻ አሥር ገጽ ሪፖርት መጻፍ ጊዜም ጉልበትም ይፈጃል።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም ነገር ቢሮ ሳሉ ያውርዱ

ለመጠይቅ የሚያገለግሉት የታወቁት መተግበሪያዎች፣ ኦዲኬ፣ ኮቦ እና ሲኤስፕሮ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። ነገር ግን ባዶው ፎርም አስቀድሞ ታብሌቱ ላይ መውረድ አለበት። ፎርሙ ውስጥ የወረዳና የቀበሌ ስም ዝርዝር፣ ፎቶ ወይም ድምፅ ካለ እነሱም አብረው መውረዳቸውን ይመልከቱ። ፎርሙ ቢሮ ውስጥ ከተሻሻለ የድሮውን አጥፍተው አዲሱን ያውርዱ፤ ሁለት ጠያቂዎች በሁለት ዓይነት ፎርም ሲሞሉ ውጤቱን ማስታረቅ ከባድ ነው።

ካርታም እንዲሁ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች የኦፕንስትሪትማፕን ካርታ አውርደው ያለ ኔትወርክ ያሳያሉ። የሚሄዱበትን ክልል አስቀድመው ያውርዱ። ጎግል ድራይቭ ላይ ያሉ ሰነዶችንም ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉባቸው። የድጋፍ ደብዳቤውን፣ መመሪያውንና የስልክ ዝርዝሩን በፒዲኤፍ ታብሌቱ ላይ ያስቀምጡ። የድጋፍ ደብዳቤውን ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀትም ይያዙ፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ስክሪን አይተው ላይፈቅዱልዎ ይችላሉ።

አሁን ዋናው ፈተና መጣ። ከመነሳትዎ አንድ ቀን በፊት ታብሌቱን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት። አጥፍተው ያብሩት። ከዚያ የመስኩን ቀን ሙሉውን ይለማመዱ፤ ፎርም ይክፈቱ፣ ባልደረባዎን ይጠይቁ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ግቢ ወጥተው የቦታ ነጥብ ይውሰዱ፣ ያስቀምጡ፣ ሰነድ ከፍተው ያርሙ። «ኢንተርኔት የለም» ብሎ የሚያቆምዎት ነገር ካለ የሚስተካከለው ያን ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ አማርኛው በትክክል መነበቡን ያረጋግጡ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሆኖም በብዙ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያሉ የቆዩ ሰነዶች የተጻፉት ዩኒኮድ ባልሆኑ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰነድ ታብሌት ላይ ሲከፈት አማርኛው ይጠፋና የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ታብሌቱ ያ ፊደል ስለሌለው ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት። ማረም ካለብዎት ወደ ዩኒኮድ ያስለውጡት።

ለመጻፍ ጂቦርድ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኪማንም በአንድሮይድና በአይፓድ ላይ ይሠራል። ከመነሳትዎ በፊት አስገብተው ጣትዎን ያለማምዱ። ከባልደረቦችዎ ጋርም ስለ ፊደል ይስማሙ። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ለሰው ያው ነው፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የቀበሌና የጎጥ ስም በእጅ ከሚጻፍ ከዝርዝር ቢመረጥ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ኃይሉን በሒሳብ ያቅዱ

ባለ 10 ኢንች ታብሌት ባትሪ ብዙውን ጊዜ 7,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ሦስት ጊዜ የሚሞላ ይመስላል፤ ኃይሉ ሲለወጥ ስለሚባክን ግን የሚያገኙት ሁለት ሙሌት ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ፓወር ባንክ ለአንድ ታብሌት የሁለት ቀን መጠባበቂያ ነው ብለው ይያዙት። ሳምንት የሚቆዩ ከሆነ በየሁለት ቀኑ መብራት ያለበት ከተማ መድረስን፣ ወይም የመኪና ቻርጀርን፣ ወይም ሶላርን እቅድዎ ውስጥ ያስገቡ። በብዙ የገጠር ገበያዎች በሶላር ወይም በጄኔሬተር ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ ሱቆች አሉ፤ የገበያውን ቀን ይጠይቁ። ታብሌቱን ግን እዚያ ትተው አይሂዱ፤ ፓወር ባንኩን ይተዉ።

በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ፓወር ባንክ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው፤ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አይገባም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 20,000ው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል።

ሆቴል ሲደርሱ መብራት ካለ ወዲያውኑ ይሰኩ። «እራት በልቼ» ያለ ሰው መብራት ሄዶ ያገኘዋል። ባለ ብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ይያዙ፤ አንድ ሶኬት ባለው ክፍል ውስጥ ታብሌት፣ ስልክና ፓወር ባንክ አብረው እንዲሞሉ ያደርጋል።

ሙቀትም የባትሪ ጠላት ነው። አብዛኞቹ ታብሌቶች እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። አፋርና ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ታብሌቱን የመኪናው መስታወት ሥር አይተዉት፣ ጥላ ውስጥ ይሥሩ፣ ከባድ ሥራውን ጠዋት ይጨርሱ።

ደረጃ 5፦ ቁልፉንና አደራውን ያስቡ

ታብሌቱ ውስጥ የሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ገቢ፣ አንዳንዴም ሕመም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን መጠበቅ የሕግ ግዴታም ነው። ከሕጉ በፊት ግን አደራ አለ፤ ሰውዬው ምስጢሩን የነገረው ለእርስዎ ነው።

ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያድርጉ። የጠፋን መሣሪያ የማግኛና ከሩቅ የማጥፊያ አገልግሎቱን ያብሩ። ይሁንና ከሩቅ ማጥፋቱ የሚሠራው የጠፋው ታብሌት ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ ዋናው መከላከያዎ የመክፈቻ ቁጥሩ ነው። ታብሌቱን ለልጅ መጫወቻ አይስጡ፣ የግል ፎቶና ፊልም አይጫኑበት።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ኢሜይልዎ ሲከፈት የማረጋገጫ ኮድ በስልክ መልእክት የሚልክ ከሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ኮዱ አይደርስዎትም፤ የሆቴል ዋይፋይ ቢያገኙም ኢሜይሉ ከውጭ ቆልፎ ያስቀርዎታል። ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ያስገቡ፤ እሱ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ሁሉንም አካውንቶች ቢሮ ሳሉ ከፍተው ይነሱ።

ደረጃ 6፦ ሰው ፊት ሲቀርቡ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ታብሌት

ገና ከደጅ ታብሌቱን ዘርግቶ የሚገባ ሰው እንግዳ ሳይሆን መርማሪ ይመስላል። ቦርሳዎ ውስጥ ያቆዩት። ሰላምታው ይድረስ፣ የመጡበትን ይንገሩ። ከዚያ መሣሪያውን አውጥተው ያሳዩ፤ «እማማ፣ የሚነግሩኝን የምጽፈው እዚህ ላይ ነው፣ እንደ ደብተር ነው» ይበሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ድምፁ እየተቀረጸ ወይም ፎቶ እየተነሳ እንዳይሆን ነው። ድምፅ የሚቀርጹ ወይም ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ። «አይሆንም» ካሉም ሳይጎተጉቱ ይለፉት።

ከፊት ለፊት ከመቀመጥ ይልቅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይሻላል፤ ስክሪኑ በመካከላችሁ ግድግዳ አይሆንም፣ የሚጽፉትንም ያያሉ። ጥያቄውን አንብበው ቀና ይበሉና ፊታቸውን እያዩ መልሱን ይስሙ፤ ከዚያ ይንኩ። ቡና ከቀረበ ታብሌቱን ዘግተው ያስቀምጡ። የሚበልጠው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ሲወጡ በማስታወሻ ይጻፉታል።

ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ሁልጊዜ ይያዙ። ታብሌቱ እንቢ ካለ ጥያቄውን በወረቀት ይጨርሱና ማታ ያስገቡት። ዝናብ ከያዘዎት ታብሌቱን ስስ ግልጽ ፌስታል ውስጥ ይክተቱት፤ በላዩ ላይ ሲነኩት ይሠራል።

ደረጃ 7፦ ቦታን፣ ቀንንና ሰዓትን በጥንቃቄ ይመዝግቡ

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሰማይ ግን ይፈልጋል። ከቤትና ከዛፍ ሥር ወጥተው ይቁሙ፣ የስህተቱ መጠን ወደ 5 ሜትር እስኪወርድ ይጠብቁ። ኔትወርክ በሌለበት የመጀመሪያው ነጥብ ደቂቃዎች ሊፈጅ ስለሚችል ጠዋት ሲነሱ አንድ ነጥብ ይውሰዱ፤ ቀጥሎ ያሉት ይፈጥናሉ።

የተመዘገበውን ቁጥር በዓይንዎ ይፈትሹ። ኢትዮጵያ በሰሜን ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ መካከል ናት። አዲስ አበባ 9 እና 38.7 አካባቢ ናት። ቁጥሮቹ ከዚህ ከወጡ ወይም ቦታ ከተቀያየሩ ነጥቡ ስህተት ነው። በድሮ የአገራችን ካርታ ላይ ካለ ነጥብ ጋር የሚያነጻጽሩ ከሆነ ደግሞ ካርታው አዲንዳን፣ ታብሌቱ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል የቦታ መለኪያ ሥርዓት የሚለካ መሆኑን አይርሱ። ሳይለወጥ ከተነጻጸረ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይዛባል፤ አንድ የውኃ ጉድጓድ የጎረቤት ቀበሌ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቀኑም እንዲሁ ወጥመድ አለው። ታብሌቱ የሚያትመው የፈረንጆችን ቀንና ሰዓት ነው፤ የሚጠይቁት ሰው የሚነግርዎት የእኛን ነው። «ልጁ በ2010 ተወለደ» ያሉዎትን እንዳለ የፈረንጅ ቀን በሚቀበል ቦታ ላይ ከጻፉት ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለ ዕድሜው ያረጃል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ፎርሙ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ወሩን ሳይጠይቁም አይለውጡ። ሰዓትም በእኛ ጠዋት 3 የሆነው በታብሌቱ 9 ነው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ ቀጠሮ ሲጽፉም «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» የሚለውን ቃል አይተዉ።

ደረጃ 8፦ ማታ ሳይተኙ ሦስት ነገር

አንደኛ፣ የቀኑን ፎርሞች አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ። ያልተሞላ ክፍት ቦታ፣ የ150 ዓመት ሰው፣ ጨለማ ፎቶ ካለ ትዝታው ትኩስ ሳለ፣ ከሰውዬውም ገና ሳይርቁ ያስተካክሉታል።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ካለ ይላኩ። መጀመሪያ ፎርሙን፣ ፎቶና ድምፁን ዋይፋይ ሲገኝ። ዳታዎ እንዳያልቅ የመተግበሪያዎችን ራስ በራስ መታደስና የፎቶ ራስ በራስ መጫን ያጥፉ። ከቢሮ ጋር ሲነጋገሩ በድምፅ ይበቃል፤ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። የሁለት ድርጅት ሲም መያዝም ጥሩ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም በማይዝበት የሳፋሪኮም፣ ሳፋሪኮም በማይደርስበት የኢትዮ ቴሌኮም ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ከሌለ ቅጂ ይውሰዱ። ታይፕ ሲ መሰኪያ ያለው ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ በቁልፍ ቃል ዘግተው። ቅጂው ከታብሌቱ በተለየ ቦርሳ ይቀመጥ፤ ቦርሳው ከጠፋ ሁለቱም አብረው እንዳይጠፉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይላክ መተግበሪያውን አያጥፉ፣ የመተግበሪያውን ዳታ አያጽዱ፣ «አልሠራ አለኝ» ብለው ታብሌቱን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ አይመልሱት። ያልተላከና ቅጂ ያልተወሰደለት ፎርም ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ከጠፋ አይመለስም።

ደረጃ 9፦ ሲመለሱ ዕዳዎን ይዝጉ

ቢሮ እንደገቡ የተላኩትን ፎርሞች ቁጥር ደብተርዎ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። 42 ሰው ጠይቀው 41 ከደረሰ ያ አንዱ እስኪገኝ ታብሌቱን ለሌላ ሰው አይስጡ። ሁሉም መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ የሰዎቹን መረጃ ከታብሌቱም ከፍላሹም ያጥፉ። ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጡት፤ ባዶውን ወራት ከቆየ ይጎዳል። መስክ ላይ የከበደዎትን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈው ቀጥሎ ለሚወጣው ባልደረባ ይስጡት።

ታብሌት የሚያቀልለው የጸሐፊውን ሥራ ነው፤ ዝግጅቱ ከጎደለ ግን ክብደቱን የሚሸከመው የተጠየቀው ሰው ነው። እኔን የጠበቁኝ ገበሬዎች የዘር ቀናቸውን አሳልፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ በማግስቱ ሁለተኛ ቀን ለመንኳቸው። ከመነሳትዎ በፊት ባለው ምሽት ታብሌቱን በአውሮፕላን ሁነታ አድርገው የሚያሳልፉት አንድ ሰዓት የእነዚያን ሰዎች የእርሻ ቀን ያድናል። ዛሬ ማታ ይሞክሩት።